የሽንት ዝቃጭ፦ ከጅዳና ከመካ የውጤት ወረቀቶች ተነሥቶ

ጅዳ ውስጥ ሽንቱን አስመርምሮ ከሙስተውሰፍ (ከክሊኒክ) የሚወጣ ሐበሻ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው። ላይኛው ክፍል ቀለሙን፣ ስኳሩን፣ ፕሮቲኑንና የአሲዱን መጠን ይዘረዝራል። ታችኛው «ማይክሮስኮፒክ» ይልና «ፐስ ሴልስ 8–10»፣ «አር ቢ ሲ 2–4»፣ «ካስትስ ኒል»፣ «ክሪስታልስ» እያለ ይቀጥላል። ስኳርና ፕሮቲን ለአብዛኛው ሰው እንግዳ አይደሉም። የታችኛው ክፍል ግን በዐረብኛ «ሰዲድ አለ»፣ «አምላህ አለ» ተብሎ ይነገርና ወደ እኛ ሰው ጆሮ ሲደርስ «ኢንፌክሽን አለብህ»፣ «ጨው አለብህ» ሆኖ ያርፋል። ሰውየው ክኒኑን ገዝቶ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ምን እንዳለ ግን ሳያውቅ ነው። ከሽንት ምርመራ ሁሉ ስለ ኩላሊት ብዙ የሚናገረው ደግሞ ይኸው ያልተብራራው ክፍል ነው።

ያ ክፍል የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሽንት በፍጥነት ሲሽከረከር ከቱቦው ስር ስለሚቀረው ጠጣር። እንግሊዞቹ ሴዲመንት፣ ዐረቦቹ ራሲብ ይሉታል። በአማርኛ «የሽንት ዝቃጭ» ብንለው በደንብ ይገልጸዋል። ዘቀጠ ማለት ክብደቱ ጎትቶት ወደ ታች ሄደ ማለት ነው፤ ዝቃጭም የዘቀጠው ነገር ራሱ ነው። «ዝቅጠት» ስለ ምግባር መውደቅ መነገሩ ስለበዛ አይመችም። «አተላ» የሚሉም አይጠፉም፤ ነገር ግን የጠላ አተላ ከስር የሚቀር የሚጣል ነገር ሲሆን፣ እዚህ የሚደፋው የጠራው ነው፤ የሚፈለገው ከስር ያለው ነው። እንግዲህ ምርመራውን «የሽንት ዝቃጭ ምርመራ» ብለን እንቀጥል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ናሙናው ላብራቶሪ ሲደርስ ባለሙያው መጀመሪያ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ያገላብጠዋል፤ ከስር የተኛው እንዲነሣ። ከዚያ 10 ወይም 12 ሚሊ ሊትር ያህሉን ጫፉ ሾጠጥ ባለ ቱቦ ውስጥ ይቀዳል። ቱቦው ሴንትሪፉጅ ውስጥ ይገባል፤ በትይዩው እኩል የሚመዝን ሌላ ቱቦ ይቀመጥለታል፤ ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል። ጉልበቱ ከመሬት ስበት 400 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ ካነሰ ሁሉም አይዘቅጥም፤ ከመጠን ካለፈ ስሱ ቅርጽ ይሰባበራል። ቱቦው ሲወጣ ላዩ ጠርቷል፤ ጫፉ ላይ ነጣ ያለች ወይም ቡናማ ነጥብ ተቀምጣለች፤ አንዳንዴም ለዐይን ምንም አይታይም። የጠራው ተደፍቶ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ይቀራል። ባለሙያው ቱቦውን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ የዘቀጠውን ይበትነዋል፤ ከእሱ አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ ያኖራል፤ ስሷን የመስታወት መሸፈኛ ያለብሳታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዐይን ሥራ ነው። መጀመሪያ ባለ 10ው ሌንስ ይመጣል፤ ብርሃኑም ዝቅ ይደረጋል። ብርሃኑን ዝቅ የማድረጉ ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ውጤቱን ይለውጣል፤ ማይክሮስኮፑ ደምቆ ከተተወ እንደ መስታወት ጥርት ያሉት ቅርጾች ጨርሰው አይታዩም፤ ወረቀቱም «ካስትስ ኒል» ብሎ ይወጣል። ባለሙያው የመሸፈኛዋን ዳርቻ ሁሉ ይዞራል፤ ትልልቆቹ ቅርጾች ወደ ዳር መሸሽ ይወዳሉና። ከዚያ ወደ ባለ 40ው ሌንስ ይሻገራል። አሁን ቀይ የደም ሴሎች እንደ ትንንሽ ክብ ቀለበት፣ ነጮቹ ከእነሱ ተለቅ ብለው ውስጣቸው ነጠብጣብ ሆኖ፣ ባክቴሪያዎቹም እንደ አጫጭር ዘንግ እየተንቀሳቀሱ ይታያሉ። በሌንሱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ስፍራ አንድ «መስክ» ነው። ቢያንስ 10 መስክ ይታይና በአማካይ የተገኘው ይጻፋል። ወረቀቱ ላይ «8–10» ማለት በአንድ መስክ ከ8 እስከ 10 ነጭ ሴል ታየ ማለት ነው፤ «ፐስ ሴልስ» የሚባሉትም እነሱ ናቸው፤ «ሰዲድ» የሚለው ዐረብኛም መግል ማለት ነው። እስከ 5 ያህል ነጭ ሴል፣ እስከ 2 ወይም 3 ቀይ ሴል በጤነኛ ሰውም ይገኛል።

እንግዲህ ነጭ ሴል ስለበዛ ብቻ «ኢንፌክሽን» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። በተለይ በሴቶች ዘንድ ሽንቱ ሲወርድ ከውጭ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ሊመጣ ይችላል። እዚያው ወረቀት ላይ «ኤፒቴልያል ሴልስ» የሚለው መስመር «ብዙ» ካለ፣ እነዚያ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ሴሎች የመጡት ከቆዳና ከማሕፀን በር በታች ካለው ስፍራ ነው፤ ነጩ ሴልም አብሮ ከዚያው ሊመጣ ይችላል። ምርመራው መደገም አለበት እንጂ መድኃኒት ሊጻፍበት አይገባም። ሐኪሙ ይህን መስመር ሳያይ ካለፈ፣ «ይደገምልኝ» ማለት የታካሚው መብት ነው።

አሁን ወደ «ካስት» እንምጣ፤ የዚህ ምርመራ ዕንቁ እሱ ነውና። እያንዳንዱ ኩላሊት በውስጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ማጣሪያ አለው፤ እያንዳንዱ ማጣሪያ ደግሞ የራሱ ረጅም ቀጭን ቱቦ አለው። የቱቦው ግድግዳ ዩሮሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል። ታምና ሆርስፎል የተባሉ ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስለለዩት በስማቸውም ይጠራል። ሽንቱ ሲወፍር፣ ሲዘገይና አሲድ ሲበዛበት ይህ ፕሮቲን በቱቦው ውስጥ ይረጋል፤ የቱቦውን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል፤ ኋላም ተገፍቶ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ቱቦው ውስጥ የነበረውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው የሚወጣው። «የቱቦ ቅርጽ» ብንለው ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ በአንድ ጊዜ እንናገራለን። ቀይ ሴል ከፊኛም፣ ከሽንት መውረጃም፣ ከወር አበባም ሊመጣ ይችላል፤ የቱቦ ቅርጽ ግን ከኩላሊት በቀር መነሻ የለውም። በውስጡ ቀይ ሴል የታጨቀበት ቅርጽ ከተገኘ ደሙ የፈሰሰው ከማጣሪያው ነው፤ በሽታውም የማጣሪያ ብግነት ነው፤ ታካሚው ሳይውል ሳያድር የኩላሊት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ነጭ ሴል የያዘው ኢንፌክሽኑ ወይም ብግነቱ ኩላሊት ድረስ መውጣቱን ይናገራል። ባዶውና ጥርት ያለው ግን ብዙ አያስደነግጥም፤ ቀኑን በፀሐይ ሲሄድ የዋለ፣ ውኃ ያልጠጣ ጤነኛ ሰውም ጥቂት ያወጣል።

ሰው ሽንትን ማንበብ የጀመረው ማይክሮስኮፕ ሳይኖር ነው። በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢብን ሲና «አልቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ሐኪም ከሽንት የሚመለከታቸውን ሲዘረዝር ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ ጥራቱን፣ ሽታውን፣ አረፋውንና መጠኑን ጠቅሶ፣ ከስር ስለሚቀረው «ሩሱብ» ለብቻው ጽፏል። ዛሬ የጅዳ ሐኪሞች ራሲብ የሚሉት ከዚያው ሥር የወጣ ቃል ነው። ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ሥር ማየትን የሆስፒታል የዘወትር ሥራ ያደረጉት ግን በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስ፣ ላ ሻሪቴ ሆስፒታል ውስጥ ፒየር ራዬና ተማሪው ዩጂን ቪግላ ናቸው። ቀጥሎ ስኮትላንዳዊው ቶማስ አዲስ በስታንፎርድ በ1920ዎቹ የ12 ሰዓት ሽንት ሰብስቦ ሴሎቹንና ቅርጾቹን እስከ መቁጠር ደረሰ። መሠረታዊው ዘዴ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

መካ ላይ ይህ አሮጌ ዘዴ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰኔ 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሐጅ በነበረበት ሳምንት በታላቁ መስጊድ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰው መሞቱን አስታውቋል፤ አብዛኞቹ የሐጅ ፈቃድ ሳይኖራቸው፣ ያለ ጥላና ያለ ማረፊያ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። በዚህ ሙቀት የሚመጣው አደጋ የሰውነት ግለት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ብቻ አይደለም። ሰውነት በጋለ ጊዜ ጡንቻ ይፈራርሳል፤ በውስጡ የነበረው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ከደም ወደ ኩላሊት ያልፋል፤ ውኃ ያጣውን ቱቦ ይደፍነዋል፣ ይመርዘዋል። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል።

ይህን ሽንት ስትሪፕ የሚባለው የወረቀት መመርመሪያ ሲነክሩበት «ደም» በሚለው ቦታ አረንጓዴ ይሆናል። ስትሪፑ ግን የደም ሴልን አይቶ አይደለም። የሚያውቀው ሄም የሚባለውን ብረት አዘል ኬሚካል ነው፤ እሱ ደግሞ በቀይ ሴል ውስጥም፣ ከሴል በፈሰሰ ሄሞግሎቢን ውስጥም፣ በጡንቻው ማዮግሎቢን ውስጥም አለ። ሦስቱ ሦስት የተለያየ በሽታ ናቸው፤ ስትሪፑ ሦስቱንም «ደም» ይላቸዋል። የሚለያቸው ሴንትሪፉጁና ዐይን ነው። ቱቦው ተሽከርክሮ ሲወጣ ቅላቱ ከስር ሰብሰብ ብሎ ላዩ ከጠራ፣ ሴል ነው የዘቀጠው። ላዩ እንዳለ ቡናማ ሆኖ ከቀረ፣ በዝቃጩም ቀይ ሴል ካልታየ ወይም እምብዛም ከሌለ፣ ሄሞግሎቢን ወይም ማዮግሎቢን ነው። በዚያን ጊዜ የታካሚውን የደም ናሙና ማየት ይረዳል፤ ከደሙ ላይ ያለው ፈሳሽ ሮዝ ከሆነ ቀይ ሴሎቹ እየፈረሱ ነው፤ የተለመደውን ቢጫነቱን ይዞ ከጠራ ጥርጣሬው ወደ ጡንቻ ያዘነብላል፤ ሲ ኬ የተባለው የደም ምርመራም ያረጋግጠዋል። ስትሪፑ ጨርሶ ምንም ካላሳየ ደግሞ ቅላቱ ከቀይ ሥር ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጠው ሪፋምፒሲን ሊሆን ይችላል። ከስትሪፑ በኋላ ሴንትሪፉጅና ማይክሮስኮፕ የቀረበት ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቱቦው ተጎድቶ እንደሆነም የሚናገረው ዝቃጩ ነው። የኩላሊት ቱቦ ግድግዳ ሲሞት ሴሎቹ ይረግፋሉ፤ ፕሮቲኑ ጠቅልሎ ይዟቸው ይወጣል። በባለ 10ው ሌንስ ሲታይ መስኩ በጭቃማ ቡናማ፣ ሻካራ፣ አጫጭር ቅርጾች ይሞላል። አንዴ ያያቸው ባለሙያ አይረሳቸውም። እነሱ ከታዩ ነገሩ ከተራ የውኃ ጥም አልፏል፤ ኩላሊቱ ራሱ ቆስሏል። ከባዶዎቹና ከጥርቶቹ በቀር ሌላ ከሌለ ግን ጉዳቱ ገና ውኃ በማጣት ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሲሰጠው ኩላሊቱ የሚያንሰራራበት ዕድል ሰፊ ነው። አንድ ሐጂ ከዐረፋ ተዳክሞ ሲመጣ ሐኪሙ በፈሳሹ መጠን ላይ የሚወስነው ከሌሎች ምልክቶች ጋር ይህንንም አይቶ ነው።

የሙቀቱ ሌላ መልክ ጅዳ ውስጥ በየቀኑ ይታያል። በግንባታ፣ በጥበቃ፣ በማድረስ ሥራ፣ ከቤት ውስጥም ዕረፍት በሌለው ወጥ ቤት የሚውል ሰው ላቡ ይወጣል፤ ውኃ ግን አይተካም። መጸዳጃ ቤት ሩቅ ነው ወይም አይፈቀድም በሚል ሆን ብለው ውኃ የማይጠጡ እህቶች አሉ። ሽንት ሲወፍር በውስጡ የሟሟው ማዕድን ይጠጥራል፤ ሳዑዲ ዐረቢያም የኩላሊት ጠጠር ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። በዝቃጩ ውስጥ ክሪስታሎቹ ያምራሉ፤ ካልሲየም ኦክሳሌት መሐሉ ላይ ኤክስ ምልክት ያለበት አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ዩሪክ አሲድ ቢጫ ሆኖ እንደ ሰያፍ አራት ማዕዘን ወይም እንደ በርሜል፣ ፎስፌቱ በሬሳ ሣጥን ክዳን ቅርጽ ይመጣል። «አምላህ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይጨነቃል። ክሪስታል ታየ ማለት ጠጠር አለ ማለት አይደለም። ሽንት ከሰውነት ሲወጣ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ኤሲ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ሲቆይ፣ ይልቁንም ማቀዝቀዣ ሲገባ፣ በሙቀት ሟሙቶ የነበረው ዩሬት ይረጋል፤ ከስርም ሮዝ መሳይ ብናኝ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ክሪስታል የተወለደው በሰውየው ኩላሊት ሳይሆን በዕቃው ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ አይናቅም። ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ቀለም አልባው ሲስቲን በጤነኛ ሰው ሽንት አይገኝም፤ ከወላጅ የሚወረስ በሽታ ነው የሚያሳየው። ጎኑን አሞት፣ ሽንቱ ቀልቶ፣ ክሪስታል የተገኘበት ሰውም አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ሊታይለት ይገባል። ጎን ሳያም፣ ደም ሳይኖር «አምላህ» ስለተባለ ብቻ በየወሩ የሚሟሟ ዱቄት እየገዙ መጠጣት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣት ነው።

ናሙና አሰጣጡም የምርመራው ግማሽ ነው። ዕቃው ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ታጥቦ የመጣ የጃም ጠርሙስ የሳሙና ርዝራዥ ይዞ ይመጣል። አካባቢውን በውኃ ታጥቦ ማድረቅ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ወደ መጸዳጃው መልቀቅ፣ የመሐሉን ሽንት በዕቃው መቀበል፤ ሴቶች የወር አበባ ላይ ከሆኑ ለባለሙያው መናገር ወይም ቀኑን ማለፍ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ወፍራምና አሲድ የበዛበት ስለሆነ የቱቦ ቅርጾችን ይጠብቃል። ከቤት ይዞ መሄድ ግን በጅዳ ከባድ ነው። ሽንት ከተሸና በ2 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ በነሐሴ ሙቀት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል፣ ሽንቱን ከአሲድነት ያወጣዋል፣ ቅርጾቹ ይሟሟሉ፣ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ወረቀቱ ያን ጊዜ ባክቴሪያ «ብዙ»፣ ካስት «የለም» ይላል፤ ሁለቱም ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ። እዚያው ላብራቶሪው መጸዳጃ ቤት ገብቶ መስጠት ከሁሉ ይሻላል።

በትልልቆቹ ሆስፒታሎች አሁን ማሽን ይቆጥራል። ሽንቱን በቀጭን መስመር እያሳለፈ ሌዘር ያበራበታል ወይም በካሜራ ፎቶ ያነሣዋል። ለብዛት ሥራ ጥሩ ነው፤ ነጭና ቀይ ሴል ሲቆጥርም አይታክትም። የታመመ የቱቦ ቅርጽን ግን ይስታል፤ ተጨማድዶ፣ ጆሮ አውጥቶ ከማጣሪያው የወጣን ቀይ ሴል ከፊኛ ከመጣው ክብ ሴል ለመለየትም የሠለጠነ ዐይን ይፈልጋል። ፕሮቲን ወይም ደም በተገኘበት ሽንት ላይ ሐኪሙ «በዐይን ይታይ» ብሎ ቢያዝ ማሽኑን መናቅ አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ቢልሃርዚያ። በሳዑዲ ደቡብ ጂዛን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ የሽንት ቢልሃርዚያ የታወቀ ነው፤ በየመን አድርገው በእግር ወደ ጂዛን የሚሻገሩ ወገኖቻችን ሁለቱንም አካባቢ ሊረግጡ ይችላሉ። በሽታውን የሚያመጣውን ትል በ1851 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ ለይቶ ያወቀው ጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። እሱ ራሱ በ1862 ከአንድ የጀርመን መስፍን ጋር ወደ ምጽዋ ተጉዞ እዚያ በታይፈስ ታሞ ካይሮ ሲመለስ አረፈ፤ ገና 37 ዓመቱ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነሱ ነበሩ።

በዝቃጩ ውስጥ የሽንት ቢልሃርዚያ ትል ዕንቁላል ሊሳት አይገባም፤ ርዝመቱ ከ110 እስከ 170 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ በባለ 10ው ሌንስ ወለል ብሎ ይታያል፤ አንዱ ጫፉ ላይ ሹል እሾህ አለው። የአንጀቱ ቢልሃርዚያ ዕንቁላል እሾሁ በጎኑ በኩል ነው፤ እሱ የሚፈለገው በሰገራ ነው። የሽንቱ ዕንቁላል በብዛት የሚወጣው በቀን መሐል ስለሆነ የጠዋቱ ናሙና ብቻውን አይበቃም። የጅዳ ላብራቶሪ «ከ10 እስከ 2» ብሎ ቢቀጥር በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው፤ ከመስጠት በፊት ትንሽ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት መውረድ ይረዳል፤ የመጨረሻዎቹ ጠብታዎችም ዕቃው ውስጥ ይግቡ፤ ዕንቁላሉ የሚበዛው እነሱ ውስጥ ነውና። አንድ ቀን ካልተገኘ በሌላ ቀን ይደገማል።